በአዩርቬዳ ልማድ በጤና ማርጀት ይቻላል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና የሐኪሙ መልሶች

ከአንባቢያን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አዩርቬዳ ስለሚባለው የሕንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት የሚጠይቁት እየበዙ በመምጣታቸው፣ የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹ ለኅትመት እንዲመቹ አጥረዋል፤ የጠያቂዎቹም ስም አልተገለጠም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ68 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ለልብ ሕክምና ወደ ሕንድ በተላከች ጊዜ አስታማሚ ሆኜ አብሬያት ወደ ኬረላ ሄጄ ነበር። ያረፍንበት ቤት ባለቤቶች ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ባልና ሚስት ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፣ ገላቸውን በዘይት አሽተው ይታጠባሉ፣ ዋናውን ምግብ በቀትር በልተው ማታ እምብዛም አይቀምሱም። ይህ ሁሉ አዩርቬዳ ነው ሲሉኝ ቀናሁባቸው። ለእኛ አገር ሽማግሌና አሮጊትስ ይሆናል ወይ? ከየትስ ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ እነዚያ ባልና ሚስት ያሳዩዎት የአዩርቬዳን እጅግ ጠቃሚ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው አዩርቬዳ ሲባል በብልቃጥና በቆርቆሮ የታሸገ መድኃኒት ይታየዋል፤ እርስዎ ያዩት ግን ዲናቻርያ የሚባለውን የዕለት ውሎ ሥርዓት ነው። ለእርጅና ዘመን ከአዩርቬዳ የምንወስደው ነገር ካለ በቅድሚያ ይህ ነው፤ ዱቄቱና ክኒኑ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቻራካና ሱሽሩታ በሚባሉ ሊቃውንት ስም የሚጠሩት ጥንታዊ የሳንስክሪት መጻሕፍት ሕክምናን በስምንት ዘርፍ ይከፍሉታል። ከስምንቱ አንዱ ራሳያና ሲሆን፣ ሥራው የሰውን ጉልበት፣ አእምሮና ዕድሜ መጠበቅ ነው። ያን ያህል ቀደም ብሎ እርጅናን ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ አድርጎ ያሰበ ሥርዓት መኖሩ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በዚህ ሥርዓት አስተሳሰብ ሰውነት ቫታ፣ ፒታና ካፋ በተባሉ ሦስት ኃይላት ሚዛን ይኖራል፤ ልጅነት የካፋ፣ ጉልምስና የፒታ፣ እርጅና የቫታ ዘመን ነው፤ የቫታ ጠባይም ድርቀት፣ ቅዝቃዜ፣ ቅለትና አለመርጋት ነው። እነዚህን ኃይላት በላቦራቶሪ መለካት ስለማይቻልና ዘመናዊው የሰውነት ጥናትም ስለማያውቃቸው እንደ ተረጋገጠ ሳይንስ አላቀርብልዎትም። ነገር ግን የጥንቶቹ ሐኪሞች አረጋዊን በትኩረት ተመልክተዋል፦ ቆዳው ይደርቃል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፉ ይሳሳል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ የምግብ ፍላጎቱ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ለዚህ የሰጡት መልስ ሙቀት፣ ቅባትና የማይዛባ ሰዓት ነው፤ ይህን ለመቀበል ደግሞ በቫታ ማመን አያስፈልግም።

ከሰዓት አጠባበቅ ይጀምሩ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛት፣ በማለዳ መነሣትና የጠዋት ብርሃን ማግኘት በእርጅና እየላላ የሚሄደውን የእንቅልፍና የንቃት ሥርዓት ያጠብቀዋል፤ በዚህ ላይ ጥንታዊው ምክርና የዛሬው የእንቅልፍ ጥናት ይስማማሉ። ቀጥሎ አፍ ነው። መጻሕፍቱ የሚያዙት የእንጨት መፋቂያ ከእኛው መፋቂያ ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን፣ እነርሱ ምላስን ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ መፋቅን ይጨምራሉ። ጥርሱን ያጣ ሰው ቆሎና ሥጋ ትቶ ወደ ለስላሳና ጣፋጭ ምግብ ስለሚያዘነብል፣ የአፍ ጽዳት የጉልበት ጉዳይም ነው።

አብያንጋ የሚሉትን ዘይት መቀባት ሰፋ አድርጌ ላብራራ፤ ለአረጋዊ እጅግ የሚስማማ፣ ሳይታሰብም ሊጎዳ የሚችል ልማድ ነውና። በተለምዶ የሚመረጠው የሰሊጥ ዘይት ነው። ዘይቱን በሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ለብ አድርገው፣ ክንድንና ባትን ከላይ ወደ ታች፣ መገጣጠሚያን ደግሞ ዙሪያውን ያሹታል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባሉ። የደረቀ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ማሳከክ ይቀንሳል፣ የታሰረ መገጣጠሚያም ከእሽታው የተነሣ ይፍታታል። ከዚህም በላይ ገላውን በየቀኑ የሚያሽ ሰው እግሩ ላይ የወጣን ቁስል ወይም እብጠት ቀድሞ ያያል። ነገር ግን በዘይት የራሰ ውስጥ እግር ወለል ላይ ያንሸራትታል፤ በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ የዳሌ አጥንት ስብራት ሰውን ከአልጋ ሊያውል የሚችል ከባድ ጉዳት ነው። ስለዚህ ተቀምጠው ይቀቡ፣ ውስጥ እግርዎን በመጨረሻ ቀብተው ወዲያው በጨርቅ ይጥረጉ፣ በመታጠቢያ ቤትም በእጅ የሚይዙት ጠንካራ ነገር ይኑር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በእግር ጣቶቹ መካከል ዘይት አያኑር፤ የውሃውንም ሙቀት ስሜቱ በደከመ እግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ።

ስለ እንቅስቃሴ መጻሕፍቱ ሰው እስከ ጉልበቱ ግማሽ ድረስ ብቻ እንዲሠራ ያዝዛሉ፤ ምልክቱም ግንባር ማላቡና አፍ መድረቁ ነው። ለጀማሪና ለታማሚ ይህ ጥሩ ገደብ ቢሆንም አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራንና ቢያንስ ሦስት ቀን የሰውነትን ሚዛን የሚያለማምድ እንቅስቃሴን ይመክራል። ጡንቻ ሥራ ካልተሰጠው እየከሳ ስለሚሄድ፣ ከእግር ጉዞው ሌላ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትንና ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆምን ይልመዱ።

የምግቡ ሥርዓት ለከተማችን ሰው እጅግ ያስፈልገዋል። አዩርቬዳ ምግብ የሚፈጭበትን የሰውነት እሳት አግኒ ይለዋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እርሱም ይበረታል ብሎ ዋናውን ምግብ ለቀትር ይመድባል። ከሆድ አንዱ ሲሶ ለምግብ፣ አንዱ ሲሶ ለመጠጥ ይሁን፤ ቀሪው ሲሶ ለሦስቱ ኃይላት መንቀሳቀሻ ይተው ይላል። ቀኑን በሻይና በዳቦ አሳልፎ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከባድ እራት በልቶ ወዲያው የሚተኛ አረጋዊ ቃር፣ የተረበሸ እንቅልፍና ከፍ ያለ የደም ስኳር ያገኘዋል ብዬ እሰጋለሁ። ለምግብ መፈጨት ይረዳሉ የሚሏቸው ዝንጅብል፣ ከሙን፣ ድንብላልና ሄል በእኛም ማዕድ ቤት ስላሉ ከሕንድ የሚያስመጡት ነገር የለም። በአንድ ነገር ግን ከመጻሕፍቱ እለያለሁ፦ ንጥር ቅቤን ዕድሜ ከሚጨምሩ ነገሮች መካከል ቆጥረው ያወድሱታል፤ ከቅቤ ስብ ውስጥ ግን ከግማሽ የሚበልጠው የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ዓይነት በመሆኑ፣ የልብ ሕክምና ላደረጉት ባለቤትዎ ወጡ በጥቂት የአትክልት ዘይት ቢሠራ ይሻላል።

መጻሕፍቱ ያለ ቅጠልና ያለ ሥር የሚሠራ ራሳያናም አለ ይላሉ፤ እውነት የሚናገር፣ ከቁጣ የራቀ፣ ከመጠን በላይ የማይደክም፣ እንቅልፉና ንቃቱ የተመጣጠነ፣ ታላላቆቹንና መምህራንን የሚያከብር ሰው የመድኃኒቱን ፍሬ ያገኛል በማለት። ብቸኝነት የአረጋውያንን ጤና እንደሚጎዳ በጥናት የታወቀ በመሆኑ ይህን ክፍል እንደ ግብረ ገብ ትምህርት ብቻ አላነበውም። ዕድርዎን፣ ማኅበርዎንና የቀድሞ ተማሪዎችዎን አይራቁ።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ሻርጃ ውስጥ በአንድ የሕንዳውያን ቤተሰብ ቤት እሠራለሁ። ማዳሜ ደግ ሴት ናት፤ ደሴ ላለችው እናቴ እንድልክላት አሽዋጋንዳ የሚባል ዱቄትና ቻቫንፕራሽ የሚባል እንደ ማርማላታ ያለ ነገር ሰጠችኝ። እናቴ የደም ግፊትና የስኳር ክኒን ትወስዳለች፤ ክኒን መዋጥ ሰልችቷታል። በዚህ ብትተካው ምን ይመስላችኋል? (ከሻርጃ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእናትሽን ክኒን በምንም ዓይነት አታስቆሚ። የደም ግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ሕመም ስለማይሰማም ብዙ ሰው የሚያውቀው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። የሰለቻት የክኒኑ ብዛት ከሆነ፣ ሐኪሟ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ወይም ሁለቱን በአንድ ያዋሐደ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላልና ይህን ትጠይቅ።

የዕፅዋት መድኃኒት ኃይል የለውም ማለቴ አይደለም። ሳርፓጋንዳ ከሚባለው የሕንድ ተክል ሥር እ.ኤ.አ. በ1952 ሬሰርፒን የተባለ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጥቶ፣ ጉዳቱ ታይቶ በተሻሉ መድኃኒቶች እስኪተካ ድረስ በብዙ አገር ለደም ግፊት ታዝዟል። የሚያስጨንቀኝም ይኸው ኃይል ነው፤ ሥራ የሚሠራ ተክል ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ይደራረባል ወይም ይጋጫል።

አሽዋጋንዳ በአገራችን ግዛዋ የምንለው ተክል ነው። በአነስተኛ ጥናቶች እንቅልፍን እንደሚያሻሽልና ጭንቀትን እንደሚቀንስ የሚያመለክት ውጤት ተገኝቶለታል፤ ጥናቶቹ ግን የጥቂት ሳምንታት ናቸው፤ ለዓመታት ለሚወስደው አረጋዊ ዋስትና አይሆኑም። የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ከእናትሽ ክኒኖች ጋር ተደምሮ ራሷን እንድትስት ሊያደርጋት ይችላል። የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ይለውጣል፤ የጉበት ጉዳት ያደረሰባቸው ሰዎችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በምግብ ማሟያዎች ውስጥ እንዳይገባ ከልክላለች። ይህን ያነበበ ሰው ደግሞ ከጓሮው ግዛዋ ነቅሎ እንዳይቀቅል አደራ እላለሁ፤ የሚወሰደው ክፍል፣ አዘገጃጀቱና መጠኑ ሳይታወቅ ስሙ አንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም።

ቻቫንፕራሽ የሚሠራው አምላ ከተባለው ጎምዛዛ የሕንድ ፍሬ፣ ከብዙ ቅጠላ ቅጠልና ከንጥር ቅቤ ሲሆን፣ የሚያጣፍጠው በብዛት የሚገባበት ስኳርና ማር ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ የሚላክ ስጦታ አይደለም። ማዳምሽን ግን አመስግኛት፤ የሰጠችሽ በአገሯ ለወላጅ የሚሰጠውን ነው። ለእናትሽ መላክ ከፈለግሽ በክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያና የማያንሸራትት ጫማ ላኪላት፤ የሰሊጥ ዘይቱን እዚያው ደሴ ታገኘዋለች።

ጥያቄ፦ የ59 ዓመት ሰው ነኝ። ለጉልበት ሕመሜ በኢንተርኔት ከአንድ ሻጭ የአዩርቬዳ ክኒን ገዝቼ መዋጥ ከጀመርኩ ወራት አለፉ። ሕመሙ ትንሽ ቀለል ብሎኛል፤ ነገር ግን ሆዴ ደጋግሞ ይቆርጠኛል፣ ድርቀትም ጀምሮኛል። ጠርሙሱ ላይ ባስማ የሚል ቃል አለ። ምን ማለት ነው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ክኒኑን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ጠርሙሱን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው በደምዎ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን እንዲለካ ይጠይቁ። የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ብዙ ምክንያት ቢኖራቸውም፣ ባስማ ከሚል ጽሑፍ ጋር አብረው ሲመጡ መጀመሪያ የሚታሰበው የእርሳስ መመረዝ ነው።

ራሳ ሻስትራ የሚባለው የአዩርቬዳ ክፍል ባዜቃን፣ እርሳስን፣ ብረትንና ሌሎች ማዕድናትን ደጋግሞ በማቃጠልና ከቅጠል ጭማቂ ጋር በመፍጨት ባስማ ወደሚባል አመድ ይለውጣል፤ ባለሙያዎቹ በዚህ አሠራር መርዙ ይጠፋል ብለው ያምናሉ። ላቦራቶሪ የሚለው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 193 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ፣ ከአምስቱ አንድ ያህሉ እርሳስ፣ ባዜቃ ወይም አርሴኒክ እንዳለበት አግኝቷል፤ ከራሳ ሻስትራ ምርቶች 40.6 በመቶው፣ ከሌሎቹ ደግሞ 17.1 በመቶው ብረቶቹ ተገኝተውባቸዋል። ስለዚህ ባስማ የሌለበት ክኒንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 በኒው ዮርክ ከተማ ስድስት ነፍሰ ጡሮች በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት በእርሳስ ተመርዘው ተገኝተዋል።

ይህ በተለይ እርጅናን ለሚያስብ ሰው አሳሳቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ወደ ሰውነት የገባ እርሳስ አብዛኛው አጥንት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፤ በዕድሜ ምክንያት አጥንት ሲሳሳ ደግሞ ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል። እርሳስ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የማስታወስ ችሎታን ያደክማል። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የተዋጠ ክኒን በሰባ አምስት ዓመትም ዕዳው ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ሕንድ ራሷ ወደ ውጭ የሚላኩ የአዩርቬዳ የዕፅዋት መድኃኒቶች ለከባድ ብረት እንዲመረመሩ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አዝዛለች። የምርመራ ማስረጃ ማሳየት ከማይችል ሻጭ ግን ምንም አይግዙ። ለጉልበትዎ ክብደት መቀነስ፣ የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ከላይ የጠቀስኩት የሞቀ ዘይት እሽታ አለልዎት፤ የደም ምርመራው ውጤት ሲደርስ ደግሞ ሐኪምዎ ስለ ሕመም ማስታገሻ ያማክርዎታል።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ እርድ በወተት አፍልቶ መጠጣት እርጅናን ያዘገያል የሚባለው እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እርጅናን እንደሚያዘገይ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ በምግብ ልክ የሚገባ እርድ ግን ለአብዛኛው ሰው አይጎዳም፤ ሙቅ ወተትም ለእንቅልፍ ደስ ይላል። የሚያሰጋው በክኒን መልክ የተከማቸው፣ በተለይም በቀላሉ ወደ ደም እንዲገባ የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ነው፤ የጉበት ጉዳት አድርሷል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ክኒኑን አይንካ። እጅግ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ዱቄትም አይግዙ፤ በባንግላዴሽ እርድን ለማስዋብ እርሳስ ያለበት ቀለም ሲጨመርበት ተደርሶበታል። ሥሩን ገዝቶ፣ አጥቦና አድርቆ ቤት ውስጥ ማስፈጨት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የ71 ዓመት ሴት ነኝ፤ ግፊት አለብኝ። በውጭ አገር የሚኖረው ልጄ ወደ ሕንድ ልኮኝ ፓንቻካርማ የሚባል ሰውነት የሚያጸዳ ሕክምና ለሦስት ሳምንት ሊያስደርግልኝ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ፤ እነርሱ ወተትና ቅቤ ያዛሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ይሻለኛል? (ከጎንደር)

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ ልጅዎ ያሰበው በፍቅር ነው፤ ሕክምናው ግን ለእርስዎ የሚሆን አይመስለኝም። ፓንቻካርማ ማስታወክን፣ ማስቀመጥን፣ በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒትን፣ በአፍንጫ የሚንጠባጠብ ዘይትንና እንደ አንዳንዱ ወገን ደም ማፍሰስን የያዘ ነው። ኮሶ ጠጥተው የሚያውቁ ከሆነ ብርቱ ማስቀመጫ ሰውነትን እንዴት እንደሚያዝል ያስታውሱታል። የግፊት ክኒን በሚወስድ የ71 ዓመት ሰው ላይ የሰውነት ውሃና ጨው በአንድ ጊዜ ሲጎድል ግፊቱ ይወድቃል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ጥንታዊ መጻሕፍቱ ራሳቸው ሕፃናትንና በጣም ያረጁ ሰዎችን ከማስታወክና ከማስቀመጥ ይከለክላሉ፤ ዛሬ ለጎብኚ የሚሸጡት ሁሉ ግን ይህን ይነግሩዎታል ብዬ አላምንም።

የኬረላ ቤተሰቦች በቤታቸው የሚያደርጉት ለዘብ ያለ ልማድ የተሻለ ነው። ካርኪዳካም በሚሉት የዝናብ ወር፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 10 ገደማ፣ ሰውነት ይደክማል ብለው ስለሚያምኑ በዘይት ይታሻሉ፣ ከሩዝና ከአብሽ ከሌሎች ቅጠሎችም ጋር የተሠራ ቀጭን ገንፎ ይበላሉ፣ ከባድ ሥራም ይቀንሳሉ። ይህንን ጎንደር ተቀምጠው በክረምት ማድረግ ይችላሉ።

ጾምዎን በተመለከተ፣ ወተትና ቅቤው ስለቀረ የሚጎድልዎት የለም ብዬ አልሸነግልዎትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሰሊጥ፣ ተልባና ሱፍ በየቀኑ ሲፈራረቁ ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ብዙውን ያሟላሉ፤ ቫይታሚን ቢ 12 ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጪ በበቂ ስለማይገኝ፣ አረጋዊ ሆድም ከምግብ አውጥቶ መውሰድ ስለሚከብደው፣ በደም ምርመራ ይታይልዎት፤ ከጎደለም በመርፌ ወይም በክኒን ይተካል። ጉድለቱ እግርን ያደነዝዛል፣ መርሳትንም ያመጣል። የምግብ ሰዓት አዘግይተው የሚጾሙ ከሆነ የክኒንዎን ሰዓት ከሐኪምዎ፣ የጾሙን ልክ ደግሞ ከነፍስ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ።

ከአዩርቬዳ ለጾመኛ የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። ሆዱ ባዶ የቆየ ሰው ወደ ሙሉ ምግብ የሚመለሰው በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ቀጭን የሩዝ ሾርባ፣ ቀጥሎ ወፍራሙ፣ ከዚያ የተቀቀለ ጥራጥሬ፣ በመጨረሻ ሥጋና ቅባት ይመጣል። ለፋሲካ ሌሊት ተልባ የሚያቀርቡ እናቶቻችን ይህንኑ አስበዋል። እርስዎም በዚያ ሌሊት ከተልባው በኋላ ጥቂት የዶሮ ወጥ ቀምሰው ያቁሙ፤ ቅቤው የበዛበትንና ጥሬ ሥጋውን ለሌሎች ይተዉላቸው።

ልጅዎ ሕንድ ይሂዱልኝ ብሎ ከጸና፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የሐኪም ደብዳቤ ይያዙ፤ የዘይት እሽታውንና ቀላሉን ምግብ ብቻ እንደሚቀበሉ፣ ማስታወክና ማስቀመጥ እንደማይፈልጉ፣ የሚዋጥ ነገርም እንደማይወስዱ አስቀድመው በጽሑፍ ያስታውቁ። ምርጫው ለእርስዎ ከተተወ ግን ገንዘቡ ለዓይን ሞራ ምርመራ፣ ለጆሮና ለጥርስ ሕክምና ቢውል እመርጣለሁ።